የቀበሌው ቀልጣፋ እናት

በደሴ ከተማ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ታሟል። የአገሬው ሰው እጁን እያወዛወዘ ነው የሚሄደው። ዳገት ላይ ሁለት ዘንቢል ይዞ የሚወጣ ሰው እንኳ ሁለቱንም በአንድ እጁ ሸክፎ ሌላውን ያወዛውዛል። ቀብር ላይ ሬሳ የሚከተል ሕዝብ አንገቱን ይደፋል እንጂ እጁን አያሳርፍም።

ምክንያቱ አምባሩ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ሁሉ አንድ የጤና አምባር አለው። አምባሩ ባለቤቱ ሲራመድ እጁ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ፣ ቁልፍ ሲቆልፍ ጣቶቹ ምን ያህል እንደሚፈጥኑ፣ ብርጭቆ ሲያነሳ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እያየ ለምርምር ማዕከሉ ይልካል። ማዕከሉ ከዚያ ተነስቶ የሰውየውን የዶፓሚን መጠን ይገምታል፤ ፓርኪንሰን የሚባለውን እጅና እግር የሚያስር በሽታ ገና ከሩቅ ሲመጣ ያየዋል። ድሮ «እጀ ሰባራ» ይባል የነበረው ስድብ ዛሬ «እጀ ደረቅ» ሆኗል፤ ይህ ቃል አንዴ ከተወረወረ ሽማግሌ ካልገባበት ጠቡ አይበርድም።

የሸዋ በሯ ኤልዳና ግን አምባሯን እንደተቀበለች በመሐረብ ጠቅልላ ቢፌ ውስጥ አስቀመጠችው።

ኤልዳና ዛሬ የአሮጊት ስም ነው። በእሷ ልጅነት ሴት ልጅ ሁሉ ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ያኔት ነበረች፤ እነዚያ ኤልዳናዎች ሲወልዱ አዲስ የሚመስል ስም ፈልገው ልጆቻቸውን ዘለቀ፣ ውድነሽ፣ ተሰማ አሏቸው። ኤልዳና አዲስ ዕቃ የማትነካ ሴት ናት። የሶፋዋ ላስቲክ ገና አልተነሳም። የቢፌዋን ብርጭቆዎች እንግዳ የሚያያቸው በመስታወቱ በኩል ብቻ ነው። አምባሩንም «ውሃ ይነካዋል፣ ሽሮ ይፈናጠርበታል፣ ይጫጫራል» ብላ ተጨነቀችለት። ጭንቀት እንደሆነ አያልቅባትም። ሲዘንብ ጎርፍ ትፈራለች፣ ዝናቡ ሲቀር ድርቅ። ምንም የሌለበት ደህና ቀን ሲመጣ ደግሞ «ምን ሊመጣብን ነው?» ትላለች።

ጥቂት ቆይቶ የማዕከሉን መልእክት የሚያሰማው የሳሎኗ ግድግዳ «አምባርዎ አልተንቀሳቀሰም፤ የጤና መድንዎ ሊቋረጥ ነው» ብሎ ተናገረ። ኤልዳና ደንግጣ አምባሩን አወጣችና አጠለቀችው። አምባሩ እንደ ተሰረቀ ዶሮ ጮኸ። ለካ በመጣ ቀን አንድ ልጇ ዘለቀ፣ ልጅ ሁሉ ለእናቱ እንደሚያደርገው፣ «ቆይ እኔ ላስተካክልልሽ» ብሎ በገዛ እጁ አጥልቆ ሲያስተካክለው፣ አምባሩ የዘለቀን የልብ ምት «ባለቤቴ ይህ ነው» ብሎ ይዞታል። ማስለወጥ ይቻል ነበር፤ ማመልከት ብቻ ነው። ግን ኤልዳና ቢሮ ትፈራለች፣ ዘለቀ ቢሮ ይጠላል።

«ለዚህ ሳምንት ብቻ አንተ አድርግልኝ» አለችው።

ዘለቀ በቀኝ እጁ የራሱን፣ በግራው የእናቱን አምባር አደረገ። ሳምንቱ ሦስት ዓመት ሆነ።

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ኤልዳና በቀበሌው አዳራሽ ተጠርታ «በዕድሜዋ አስደናቂ ቅልጥፍና ያላት እናት» ተብላ ተሸለመች። ጣቷ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ጣት፣ አረማመዷ የጎረምሳ ነው ተባለ። እውነትም የጎረምሳ ነበር። አዳራሹ አጨብጭቦ ሲያበቃ ምስጢሩን እንድትናገር ድምፅ ማጉያ ሰጧት። ሰው ፊት ቆሞ ዝም ማለት ስለማይቻል «አብሽ ነው» አለች። «ጠዋት በባዶ ሆድ።» በሚቀጥለው ሳምንት በሸዋ በር ገበያ አብሽ ጠፋ። ሴቶቹ እየመጡ በማር ይሁን በወተት ይጠይቋት ጀመር፤ እሷም መለሰችላቸው። ዓመት ከዓመት ሲመሰገን የኖረ ሰው ምስጋናው የማን እንደሆነ መጠየቅ ይተዋል። ኤልዳና ቢያንስ ትታዋለች። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ሲንቋቋ እንኳ «ቅልጥፍናው ሲበዛ ነው» ትል ነበር።

ባለፈው ዓመት ዘለቀ የግድግዳውን ድምፅ ዘጋው።

«ራሴን ያመኛል እማ። መልእክት ሲመጣ እኔ አነብልሻለሁ።»

መልእክት ሲመጣ ግድግዳው ላይ ቆሞ ያያል፤ ከዚያ «አመስግነውሻል» ይላል።

«ምን ብለው?»

«እንደ ወጣት ናት ብለው።»

«ይሄ ሁሉ ፊደል ‹እንደ ወጣት ናት› ለማለት ነው?»

«የመንግሥት አማርኛ ረጅም ነው እማ።»

ፊደል ያልቆጠረችው ኤልዳና ምስጋናዋ እየተቆረጠ የሚደርሳት መሰላት። ሙሉውን መስማት ፈለገች። ከጎረቤቷ ከያኔት ጋር የቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርት የተመዘገበችው በዚህ ስስት ነው፤ ለመምህሩ ግን «ዕውቀት ፈልጌ» አለችው። ተማሪ ስትሆን ደግሞ የዋዛ አልሆነችም። የቤት ሥራዋን በጧት ጨርሳ ማታ እንዳይጠፋ ትጨነቃለች። ታክሲ ተራ ላይ የሱቅ ስም እያነበበች «ፋ... ር... ማ...» ስትል ሦስት ታክሲ ያመልጣታል። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው «እናቴ፣ ፋርማሲ ነው፣ ይግቡ!» ይላታል። «አትንገረኝ!» ትለዋለች።

እንዲህ ሆና ሳለ አንድ ጠዋት፣ ዘለቀ ወደ ሥራው ከሄደ በኋላ፣ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ፊደል በራ።

ኤልዳና ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። ከቁርስ እስከ ምሳ ፈጀባት። መሐል ላይ ሽሮ ጥዳ፣ አማስላ፣ የተወችበት ፊደል እንዳይጠፋት ጣቷን እዚያው ለማቆየት ስትሞክር ሽሮው አረረ። በመጨረሻ ግን ይህ ወጣላት፦ «የተከበሩ ወይዘሮ ኤልዳና፣ የግራ እጅዎ መወዛወዝ መቀነሱን ቀጥሏል። የዶፓሚን መጠንዎ አሳሳቢ ደረጃ ላይ ደርሷል። ለምርመራ ይቅረቡ።» «ይቅረቡ» ከሚለው በፊት አንድ በጣም ረጅም ነገር ነበር፤ ደክሟት ዘለለችው።

«አነበብኩት!» ብላ እልል አለች። እልልታውን ሳትጨርስ ያነበበችው ገባት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኤልዳና ታመመች። ግራ እጇ ከበዳት። ድንች ስትልጥ ቢላው ዘገየባት። በመስታወት ፊት ወዲያና ወዲህ ብትል ግራ እጇ በፍጹም አልተወዛወዘም፤ ዘንቢል ይዛበት እንደነበር ያስተዋለችው በኋላ ነው። ምስጋናውን የእኔ ብላ ስትቀበል የኖረች ሴት በሽታውን የማን ይሆን ብላ እንድትጠይቅ መጠበቅ ይከብዳል። ሮጣ ያኔት ቤት ገባች።

«ያኔት፣ እጄን እዪልኝ። ይወዛወዛል?»

«ቁጭ ብለሽ ምን ያወዛውዘዋል?» አለች ያኔት። ያኔት ወፍራም፣ ቀስ ያለች፣ በሰው ጭንቀት የምትዝናና ሴት ናት።

«ዶፓሚኔ አልቋል። ፓርኪንሰን ነው።»

«ወይ የኔ እመቤት! አብሽ ትጠጪ አልነበር?»

«አትቀልጂ!»

«አልቀለድኩም። እኔ እኮ ባንቺ የተነሳ ሁለት ዓመት ያንን መራራ ስጠጣ ኖሬያለሁ። ሆዴን ነፍቶኝ ቀረ እንጂ አንድም ቀን አልተሸለምኩም።» ከዚያ የኤልዳናን ፊት ስታይ ራራችላት። «ለዘለቀ ነግረሽዋል?»

«ልጄንማ አላስጨንቅም። ስሞት ይሰማል።»

እሁድ ምሳ ላይ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ወጡ እንደገና አሯል፤ ኤልዳና የድስቱን እጀታ የያዘችበትን እጅ ስትመረምር ረስታው ነው። ቤቱ ጭስ ብቻ ሆነ። ዘለቀ ጎርሶ «ዛሬ ጣፍጧል» አለ። ሽታው የመጣበትም አይመስልም ነበር። ኤልዳና «ይህን ጨዋ ልጅ ትቼ ነው የምሄደው!» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግራ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አንዴም ሳያነሳት መብላቱንም አየች፤ ሐዘኗን ያወቀባት መሰላት።

«ግራ ትከሻዬን ብርድ መትቶኛል እማ። እሺ አይልም» አላት።

ቅባት አሙቃ አሸችለት። እጆቿ ያለ ድካም ሲሠሩ «የመጨረሻ ጉልበቴ ነው፤ ሻማም ሊጠፋ ሲል ይደምቃል» ብላ አሰበች። ትከሻው እንደ ሳንቃ ደርቆ ነበር። እሷ ግን ስለ ገዛ እጇ እያለቀሰች ስለነበር ስለ ትከሻው አላሰበችም።

ማክሰኞ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ዳገቱን እጇን እንደ ወታደር እያወናጨፈች ነው የወጣችው። የመረመረቻት ዶክተር ውድነሽ ትባላለች፤ ከዘለቀ ብዙ የማትበልጥ፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት ናት።

«አውራ ጣትና ሌባ ጣትዎን እንዲህ ያጋጩ እናቴ። በፍጥነት።»

ኤልዳና አጋጨች። ጣቶቿ ጠጠጠጠ አሉ። ዶክተሯ ዓይኗን አነሳች።

«በግራ።»

ጠጠጠጠ።

«ጨብጠው ይክፈቱ። ይራመዱ። ይዙሩ። ወንበሩን ሳይደገፉ ይነሱ።»

ኤልዳና ሁሉን አደረገች፤ እንዲያውም ከታዘዘችው አስበልጣ ሁለት ጊዜ ዞረች። በሽተኛ ሆና መጥታ ፈተና ላይ ያለች ተማሪ ሆናለች፤ መውደቅ ደግሞ አትወድም።

«እናቴ፣ ምንም የለብዎትም። ጉልበትዎ ብቻ ትንሽ ይንቋቋል።»

«አምባሩ ታመሻል ብሎኛል እኮ!»

«አምባሩ ስለ አንድ እጅ ነው የሚያወራው። እኔ የማየው እጅ ያ አይደለም።» ዶክተሯ ወንበሯን አስጠጋች። «አምባሩን የሚያጠልቀው ማን ነው?»

ኤልዳናን የእሁዱ ምሳ መጣባት። ጭኑ ላይ የተቀመጠችው እጅ መጣችባት። ሳንቃ የሆነው ትከሻ መጣ፣ ያረረው ወጥ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ የከረመችው በተሳሳተ እጅ ላይ ነው።

ግድግዳውን አየች። የጤና ጣቢያ ክፍል የሚነገርበትን ሁሉ ይይዛል፤ ይህንንማ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ዘለቀ ደግሞ ፀጉር አስተካካይ ነው። በሰው አንገት ላይ ምላጭ የሚያሳርፍ ሰው የእጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ስሙ በዚህ በሽታ ከተጠራ ፈቃዱ ያኔውኑ ይታገዳል።

«በግ ላይ አስሬው ነበር» አለች።

«በግ?»

«ለፋሲካ የገዛነው። ቀልጣፋ በግ ነው።»

ዶክተር ውድነሽ ጠረጴዛዋ ላይ የሚበራውን የአምባሩን መዝገብ አየች። ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም።

«ይህ በግ በየጠዋቱ ጥርሱን ይፍቃል እናቴ። ሸሚዝ ይቆልፋል። ቀኑን ሙሉ በግራ እጁ ማበጠሪያ ይዞ የሰው ፀጉር ያነሳል።»

ኤልዳና መሬት መሬት አየች።

«ስሙን አልጠየቅኩዎትም። እዚህም አይንገሩኝ» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ። «ስለ በጉ ልንገርዎ ብቻ። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ጡንቻው ደህና ነው፣ አጥንቱ ደህና ነው። እጅ ሊነሳ ሲል ከውስጥ ‹ተነስ› የሚለው ነገር አለ፤ ዶፓሚን ማለት እሱ ነው። እሱ ነው እየደከመ ያለው። በሽታው ሲጀምር ማሽተት ይጠፋል፣ እጅ የሚይዘውም በአንድ ወገን ነው፤ ሌላው እጅ ብዙ ጊዜ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚከተለው።»

«በቀኝ እጁ አምባር ያደረገ እንደሆነስ?»

«ቀኙ ደህና ነው፣ ደህና ነህ ይለዋል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ሕዋስ እንተክላለን። እንደ ችግኝ ነው፤ እስኪጸድቅ ዓመት ይፈልጋል። መሬቱ ሳይደርቅ ከመጣ እጁ ይመለሳል። ተንቀጥቅጦ ከመጣ ግን የምንተክለው በዓለት ላይ ነው። ይህን መልእክት ስንልክ የመጀመሪያችን አይደለም እናቴ። ‹ደጋግመን እንዳሳሰብነው› ብለን ጽፈናል።»

የዘለለችው ረጅም ነገር ይህ ነበር።

ኤልዳና ከዳገቱ ወደ ፒያሳ ወረደች። ያለ ነጠላ፣ ራሷን ሳትሸፍን እንደወጣች ያወቀችው የጦሳ ተራራ ብርድ ጆሮዋን ሲቆነጥጣት ነው። እየወረደች ሁለት ነገር አሰበች። ዝም ብትል ልጇ የፀጉር ቤት ወንበሩን ይዞ ይቆያል፤ እጁ ግን ይሄዳል። ብትናገር ወንበሩ ይሄዳል። ሦስተኛ ሐሳብ ፈለገች፤ እንደ ልማዷ የማይረባ ሆኖ መጣላት፦ አምባሩን በደንብ አወናጭፎ የሚያወዛውዝ ሌላ ጎረምሳ መቅጠር።

የዘለቀ ፀጉር ቤት በፒያሳ የቀረው በሰው እጅ የሚሠራ አንድ ቤት ነው። በሌላው ቦታ ሁሉ ማሽኑ ራስህን ይዞ ሳትተነፍስ ይጨርስሃል። እዚህ የሚመጣው ሰው ወሬ የናፈቀው ነው። ኤልዳና ስትገባ ልጇ አንድ ሽማግሌ እየላጨ ነበር።

«ጉንጭዎን ወጠር ያድርጉልኝ ጋሼ» አለ ዘለቀ።

ሽማግሌው በራሱ ጣት ጉንጩን ወጠረ። «እዚህ ቤት ግማሹን ሥራ የሚሠራው ደንበኛው ነው» አለ በአፉ ጥግ። «በሚቀጥለው ደግሞ ምላጩን አስይዘኸኝ አንተ ትቀመጣለህ።»

«ያኔ ወሬውን እኔ አወራለሁ።»

ተሳሳቁ። ኤልዳና ይህን ቀልድ ከአንድም ሁለት ጊዜ ሰምታው እሷም ስቃበት ታውቃለች። ዛሬ የዘለቀን ግራ እጅ አየች። ከጎኑ ተንጠልጥላለች፤ እንደ ሌላ ሰው ኮት።

ሽማግሌው ሲወጣ በሩን ዘጋችው።

«ዘለቀ፣ ደጋግመን ማለት ስንት ጊዜ ነው?»

ዘለቀ ምላጩን ሲጠርግ ቆመ። «ማን አነበበልሽ?»

«እኔ።»

«አንቺ?»

«ከቁርስ እስከ ምሳ ፈጀብኝ እንጂ እኔው ነኝ።»

«እኔ እኮ የቅዳሜው ትምህርት ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም።»

ዘለቀ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። ወንበሩ ክንድ ላይ ተቀመጠ። «መልእክቱ መጀመሪያ የመጣ ቀን ግድግዳው ጮክ ብሎ ሊናገር ሲል አጠፋሁት። የኔ መሆኑን ወዲያው ነው ያወቅኩት። ማበጠሪያው ከእጄ ይወድቅ ጀምሮ ነበር።»

«እኔን ‹እንደ ወጣት ናት› እያልክ!»

«ደስ ይልሽ ነበራ።»

ይህ አንጀቷን በላት፤ ደስ ይላት ነበርና። «በሽታውን እኔ ልውሰደው» አለች። «በስሜ ነው የመጣው። ለዶክተሯ እንቀጠቀጥላታለሁ፤ ተለማምጄ እመጣለሁ።»

«እማ፣ በዚህ ደህና እጅሽ ነው የምትንቀጠቀጪው? ተክለው የሚያድኑት እኮ አንቺን ነው።»

«ታዲያ ሂድ!»

«ዓመት ነው እማ። ዓመት ምላጭ ካልያዝኩ ይህን ወንበር ማሽን ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ እጄ ቢመለስ ምን ሊያነሳ ነው የሚመለሰው? አሁን እንኳ በአንዱ እየሠራሁ ነው። ማንም አላወቀም።»

ኤልዳና መከራከር አትችልበትም። ስትከራከር ታለቅሳለች፣ ስታለቅስ ትረሳለች። ስለዚህ ሄዳ ደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ላጨኝ።»

«ምን?»

«በምላጭ። ሙሉውን።»

«ማን ሞቶ?»

«እናት ልጇ ሲሞትባት ራሷን ትላጫለች። ያን ጊዜ አንተ የለህም፤ ማሽን ነው የሚላጨኝ። እኔ ማሽን እንዲነካኝ አልፈልግም። እጅህ ሳለ አሁን ላጨኝና ልገላገል።»

«ይህ በሽታ እኮ አይገድልም እማ! ያዘገያል እንጂ።»

«የማይገድልህን ታዲያ ለምንድን ነው እንደ ሞት የምትሸሽገው?»

ዘለቀ ፎጣውን በንዴት ከመስቀያው ነጠቀ። «እሺ» አለ። «ከተላጨሽ በኋላ ግን ለምን አልከለከልከኝም እንዳትይ።» ፎጣውን በአንገቷ ላይ ጣለ። ትተወዋለች ብሎ ነው። እሷም ያቆማል ብላ ነው። ሁለቱም ግትር ስለሆኑ ምላጩ በቀኝ በኩል ሽበቷን ይዞ ወረደ። ኤልዳና ዓይኗን ጨፍና «ሙሉውን አላልኩም ነበር ማለት ይቻል ይሆን?» እያለች አሰበች። በቀኝ እጁ ንጹሕ ሠራተኛ ነው፤ አንድም ቦታ አልቆረጣትም። የቀኙ ወገን እንደ እንቁላል ሆነ። ወደ ግራው ዞረ።

«ጆሮሽን ያዢልኝ።»

«አልይዝም። እኔ ጋሼ አይደለሁም። አንተው ያዘው።»

በመስታወቱ ውስጥ ግራ እጁ ስትነሳ አየቻት። ከጎኑ ተነሳች፣ ወገቡን አለፈች፣ ከዚያ ወደ አንድ ክፍል ገብቶ ምን ልወስድ ነበር የመጣሁት እንደሚል ሰው ቆመች። ዘለቀ ጥርሱን ነከሰ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ኤልዳና በሕይወቷ ሙሉ ልጇ ሲወድቅ ሳይወድቅ ሮጣ የያዘች ሴት ናት፤ እጇን ወንበሩ ሥር ቀብራ ያዘች። እጅየዋ ትንሽ ወጣችና የእናቱ ትከሻ ላይ አረፈች፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደችም። ጆሮዋ ከዚያ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር።

ዘለቀ ምላጩን አስቀመጠ።

«አይደርስም» አለ።

«አየሁ።»

«ከወር በፊት ይደርስ ነበር።»

እናቱ ትከሻዋ ላይ ያለችውን እጅ ያዘቻት። ቀዝቃዛ ነበረች። ሁለቱም መስታወቱን አዩ፤ ከመስታወቱ ውስጥ ግማሽ ራሷ የተላጨ፣ ግማሹ የቆመ ሽበት የሆነ አሮጊት አየቻቸው። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም።

«ልጨርስልሽ እማ፤ ጆሮሽን ብቻ ያዢ። እንዲህ ሆነሽ እንዴት ትወጫለሽ?»

«ከጨረስክልኝ ጤና ጣቢያ ነገ እንሄዳለን ትላለህ። እንዲህ ሆኜ ግን ቤት መቀመጥም አልችልም። ተነስ።»

«ነጠላሽስ?»

«ረስቼዋለሁ። አታስታውሰኝ።»

ፒያሳን አቋርጠው ዳገቱን ጀመሩ። ቀን ነበር፤ ፀሐይ ነበር፤ የሚያውቃት ሁሉ የወጣበት ሰዓት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ «እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ማን ሞተብሽ?» አለች። «ማንም» አለች ኤልዳና። ባለ ሱቁ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እትዬ» ብሎ ቆቡን አወለቀ። «አሜን፣ ግን ማንም አልሞተም» አለችው። ሌላ ሴት «ታዲያ ግማሹን ለምን?» ብላ ስትጠይቅ ኤልዳና ወደ ልጇ ጠቆመች። «እሱ ነው የላጨኝ።»

«እማ!» አለ ዘለቀ በጆሮዋ። «ወንበሬን ማሽን ሳይሆን አንቺ ነሽ የጨረስሽው። ከእንግዲህ ማን ራሱን ይሰጠኛል?»

«አንድ ዓመት አለህ። ይረሱታል።»

«ይህን አይረሱትም።»

ኤልዳናም እንደማይረሱት ታውቃለች። ጆሮዋ እስኪቀላ አፈረች፤ የተላጨው ወገን ጆሮ ደግሞ የሚደበቅበት አልነበረውም። ግን መንገድ ላይ ዝናብ ይመጣ ይሆን፣ ዶክተሯ ወጥታ ይሆን፣ ተከላው ያምም ይሆን እያለች ስትጨነቅ፣ ራሷን መርሳት ቻለች። አልፎ አልፎ ጎኗን ታያለች። ዘለቀ ቀኙን እያወዛወዘ፣ ግራውን እያንጠለጠለ ይወጣል። ሰው ያየዋል። እሱም እንዲያዩት ትቷቸዋል።

የጤና ጣቢያው በር ጠባቂ ከሩቅ ሲያያቸው ተነሳ። የኤልዳናን ራስ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለማን ነው የመጣችሁት?»

ኤልዳና አፏን ልትከፍት ነበር። ዘለቀ ቀደማት። ግራ እጁን በቀኝ እጁ አንስቶ ለሰውየው አሳየው።

«ለእኔ ነው» አለ። «እሷ ምንም የላትም።»

በር ጠባቂው ግን ያመነ አይመስልም፤ ወንበሩን ያቀረበው ለእሷ ነበር።